ያልተፈታ ብሎን

አክስቴ ሂልዳ ያንን ወሬ የምታወራለት ሰው ብታጣ ለድመቷ ታወራው ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት የያዘችው የጋዝ ቆጣሪ አንባቢውን ነው። ሰውዬው ከደረጃው ሥር ተንበርክኮ ቁጥሩን ጽፎ ሲነሣ፣ በተከፈተው በር የሳሎናችንን ግድግዳ አየና «እናንተ ሰዎች፣ ልትዘምቱ ነው እንዴ?» አላት። አምስቱም ጠመንጃዎች እንደወትሮው ከጋዝ ምድጃው በላይ ተሰቅለዋል። አክስቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «የወንድሜ ናቸው» አለችው። «አራቱ እውነተኞች ናቸው። ያ ከላይ ያለው፣ ረጅሙ፣ ሐሰት ነው። ቅጂ ነው። ከእውነተኞቹ ጋር ተሰልፎ ሲያዩት ግን ማን ይለየዋል?» ሰውዬው ሳቀ። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ የአባቴን ፒጃማ አጥፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችኑ ቃል ናት የምትለው። ጸሎት የሚደግም ሰው እንኳ አንዳንዴ ይሳሳታል፤ እሷ ግን አንድ ቀን «ቅጂ»ን ከ«ሐሰት» አስቀድማ አታውቅም። የሰውዬው ኮቴ ከመንገዱ እስኪጠፋ ጠበቅኩና ፒጃማውን ከረጢት ውስጥ ወረወርኩት። ዛሬ አፏን እዘጋዋለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር።

ሳሎናችን ጠባብ ናት። ሁለት ሰው በምቾት ይቀመጥባታል፣ ሦስተኛው ሲመጣ አንዱ ጉልበቱን ይሰበስባል። አባቴ ግን ከሰው ይልቅ ለጠመንጃዎቹ ነበር ቦታ የሚያስበው። ሁሉም የንግሥት ቪክቶሪያ ወታደሮች የተሸከሟቸው ናቸው፤ ባሩድና የእርሳስ ጥይቱን በአፋቸው የሚጎርሱ፣ መዶሻው ትንሽ የመዳብ ቆብ ሲመታ የሚተኩሱ። ጎረቤታችን ሚስስ ጉዲንግ «ቆመህ ጠብቀኝ» ትላቸዋለች፤ ጠላት ቆሞ ካልጠበቀ አጉርሰው እስኪጨርሱ አያደርስም ለማለት ነው። የመጀመሪያውን አባቴ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በሦስት ፓውንድ ከአሥር ሽልንግ የገዛው እኔ በተወለድኩበት ሳምንት ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሦስት ሳምንት አላናገረችውም ይባላል። የፈረሰኛውን አጭር ጠመንጃ በሰባት ፓውንድ፣ የባሕር ኃይሉን ሽጉጥ በአሮጌ ብስክሌቱ ለውጦ አመጣ። ረጅሙን ግን አልገዛውም፤ ከአያቴ የወረሰው ነው። ጎኑ ላይ ዘውድ አለበት፣ ከዘውዱ አጠገብ የመንግሥት መሣሪያ ቤቱ ስምና ዓመቱ፣ «ታወር 1855»፣ ተቀርጿል። አያቴ ሲናገር ይህን እንጨት የገጠመው የራሱ አያት ጆሳያ ፔድሊ ነው፣ ስሙንም ከብረቱ ሥር መትቶበታል ይል ነበር። የሰፈራችን ጠመንጃ ሠሪዎች ድሮ እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ ስማቸውን ማንም በማያየው ቦታ ይመቱታል። ለማየት ብረቱን ከእንጨቱ ማንሣት ያስፈልጋል። ብረቱን ያነሣ ሰው ግን በቤተሰባችን አልነበረም።

አለመነሣቱ በስንፍና አይደለም። አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት በበርሚንግሃም የጠመንጃ ሠሪዎች ሰፈር እንጨት ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታው ነበር። የጥንት ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ከሁሉ የሚከበረው ያልተነካ ጠመንጃ ነው። ዝገቱን ያልፈገፈጉት፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ያላሹት፣ ብሎኑ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ካቻቢቴ ያልቀመሰ። አንድ ጊዜ ከተፈታ ዓለም ቢሰበሰብ አይመልሰውም። ልጅ ሆኜ በእናቴ የነሐስ ማጽጃ የአንዱን ጫፍ እንደ ወርቅ አብለጭልጬ ጠበቅኩት። አልመታኝም። ጠመንጃውን አቅፎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፤ ብመታ ይሻል ነበር የሚያሰኝ አቀማመጥ።

ወሬው ሲነሣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሰብሳቢዎቹ በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ከአንድ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አክስቴ ደግሞ በዚያው መጠጥ ቤት ከታች ቢራ ትቀዳ ነበር። ቢራ የምትቀዳ ሴት ያለችው ነገር ከአረፋው ቀድሞ ፎቅ ይደርሳል። ረጅሙ ቅጂ ነው አለች፤ እነሱ ቀጠሉበት። «ቅጂ ከሆነ ማን ሠራው? በዚህ ከተማ እንዲህ መሥራት የሚችል እጅ ያለው ማን ነው? ሆራስ ፔድሊ!» አሉ፣ አባቴን። በሻይ ቀቅሎ ያስረጀዋል፣ በጫማ ቀለም ያጠቁረዋል፣ ከዚህ ቀደም የሸጠልን ሽጉጥስ? ተባለ። የሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሚስተር ኦክዴን መጥቶ፣ ብረቱን እናንሣና እንየው፣ ነገሩ ይለቅ አለው። አባቴ አይሆንም አለ። ለምን? አይሆንም። በሚቀጥለው ሐሙስ ስሙን ከአባላት መዝገብ ሰረዙት። እኔ ያን ጊዜ የገባኝ እንደዚህ ነበር፤ አባቴ አንዲት ብሎን ከሚያስነካ ስሙ ቢጠፋ ይመርጣል። ወደድኩት፤ እንደ ንጉሥ ነው ያየሁት። አክስቴን ደግሞ በዚያው ልክ ጠላኋት። የሚገርመው፣ ባሏ ሌን በሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ ላይ ገመድ መትቶት ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከኛው ጋር ነው። የትምህርት ቤት ልብሴን የተኮሰች፣ ኩፍኝ ሲይዘኝ ያደረች እሷ ናት። እሷና አባቴ በአንድ ገበታ አሥራ አንድ ዓመት በሉ፣ ጨውን አቀብለኝ፣ እንካ፣ ዝናብ ጣለ፣ አዎ ጣለ። ወሬውን ፊቱ ስታወራው ቀና ብሎ አያያትም። ሾርባውን ያማስላል።

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ትምህርት አቋርጬ ዳቦ ቤት ገባሁ፤ ከዳቦ ቤት ስወጣ ግን ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ። ስለነዚህ ጠመንጃዎች የተጻፈውን፣ በከተማው ያለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ክራባት አድርገው ከሚያስተምሩት አላንስም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አባቴ የተኛበት ሆስፒታል ሐኪም በኮሪደሩ «ቀናት ነው፣ ሳምንት አልልሽም» ሲለኝ፣ የእንጨት ብናኝ የበላውን ሳንባ ማዳን እንደማልችል ገባኝ። ስሙን ግን ማዳን እችላለሁ አልኩ። ቅዳሜ የጥንት መሣሪያ ገበያ አለ፤ ኦክዴን አይቀርም። የሆስፒታል ጉብኝት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ጠዋት አስፈትሼ፣ ከሰዓት አባቴ ጆሮ ላይ አደርሰዋለሁ። ጋዝ አንባቢው ከሄደ በኋላ ወንበር ላይ ቆሜ ረጅሙን አወረድኩና በአሮጌ መጋረጃ ጠቀለልኩት።

አክስቴ በሩ ላይ አገኘችኝ። «ወዴት ነው እሱን ይዘሽ?»

«መጋረጃ ላሳጥብ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «መጋረጃሽ አፈሙዝ አውጥቷል» አለችና ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። እንድትጮህ ጠብቄ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች፤ አባቴ የሚወደው የዳቦ ፑዲንግ ነው፣ ገና ትኩስ። «አይበላውም ይሆናል። ያሽትተው» አለች። አመሰግናለሁ አላልኳትም።

በአውቶቡሱ ሾፌሩ «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። የመጋረጃ ዘንግ ነው አልኩት። «ቤተ መንግሥት ነው የምትኖሪው?» አለ፤ ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ከላይኛው ፎቅ ተቀመጥኩ፣ ጠመንጃውን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ። ኅዳር ነበር። ግማሾቹ ፋብሪካዎች ተዘግተው መስኮታቸው በሳንቃ ተመቷል፤ በሥራ መፈለጊያው ቢሮ በር የተሰለፉት ወንዶች ሰልፋቸው ጥግ ዞሯል። ጠመንጃው በመጋረጃው ውስጥ የተልባ ዘይት ይሸታል፤ አባቴ በየፋሲካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር የሚቀባው፣ ጨርቅ እንኳ አያስነካውም።

አዳራሹ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም፣ ሻይ ሃያ ሳንቲም፣ የሻዩ ጣዕም ደግሞ የነጻ። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ጎራዴው፣ ሳንጃው፣ የባሩድ ቀንዱ ተደርድሯል። ሴት እኔና ሻይ ቀጂዋ ብቻ ነን። መጋረጃውን ስፈታ አንድ ቀይ አፍንጫ ያለው ነጋዴ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመና፣ «የሆራስ ልጅ አይደለሽም? ሻይ አጠጥቶ ያሳደገውን አመጣሽው?» አለ።

«አዎ» አልኩት። «እርስዎ ትናንት ወልደው ዛሬ ሽማግሌ ነው እያሉ ከሚሸጡት ይሻላል።»

የጎረቤቱ ሻይ በሳቅ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አላየኝም።

ሚስተር ኦክዴን ጥግ ላይ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ጣቶቹ ንጹሕ። ጠመንጃውን ፊቱ ላይ አጋደምኩት። «ብረቱን ያንሡልኝ» አልኩ፣ ሰላም እንኳ ሳልለው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጠመንጃውን አየ፣ ከዚያ እንደገና እኔን። አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ከአፈሙዙ ጀምሮ ወረደ። ሦስቱን የብረት ቀለበቶች አየ። የኋላው ብሎን ላይ ሲደርስ ቆመ። ብዙ ቆየ። የብሎን ራስ ስንጥቅ ካቻቢቴ ሲገባበት ጠርዙ ይጎዳል፤ ባለሙያ ቢፈታው እንኳ ትንሽ ይሰማዋል። የዚህ ጠርዝ ግን እንደ ምላጭ ነው። ስንጥቁ ውስጥ የጠቆረ ሞራ ደርቆበታል።

«ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ይህ ተነክቶ አያውቅም።»

«ይህን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቢሉ ጥሩ ነበር።»

«ያን ጊዜ በእጄ አላስነካኝም። ከግድግዳው ሦስት እርምጃ ቆሜ ነው ያየሁት።» መነጽሩን አወለቀ። «አትክፈቺው። እኔ እውነተኛ ነው ብዬ ለሁሉም እናገራለሁ። ከከፈትነው ግን ያልተነካ መባሉ ቀረ። ሆራስ የጠበቀው ይህንን ነው፤ እኔ ላፈርስበት?»

እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። አባቴ የጠበቀው ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ነበር የማምነው። ነገር ግን የኦክዴን ቃል ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ በሌላ ቃል ይሻራል። አክስቴን የሚዘጋት ወረቀት ነው፣ በወረቀቱም ላይ የጆሳያ ፔድሊ ስም። አባቴ ሊሞት ነው። ስሙን ትቶ ብሎኑን ይዞ ወደ መቃብር ይውረድ?

«ይፍቱት» አልኩ።

ሚስተር ኦክዴን ከሣጥኑ ሰባት ካቻቢቴ አውጥቶ አንዱን መረጠ፣ ጫፉን በድንጋይ ሞረደው፣ ለካ፣ እንደገና ሞረደው። ሰዎች መጥተው ከበቡን፤ ቀይ አፍንጫውም ሳይቀር። ብሎኑ መጀመሪያ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ጊዜ ቃ! አለ፣ ደረቅ አጥንት እንደሚሰበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀላል ነበር፤ የጎኑ ብረት ወጣ፣ ቀለበቶቹ ላሉ፣ ረጅሙ ቧንቧ ከእንጨቱ ላይ ተነሣ። ከሥሩ ያለው እንጨት ትናንት የተላገ ይመስል ነበር፤ ቢጫ፣ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ። ሞራው ላይ ያንድ ሰው የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። ብረቱ ሦስት የሞረድ ጭረት አለው፣ እንጨቱም ሦስት፣ እያንዳንዱ ብሎንም ሦስት፤ አንድ ላይ የተሠሩ ለመሆናቸው የድሮ ሠራተኞች ምልክት ነው። በእንጨቱ ቦይ ውስጥ ደግሞ፣ በትናንሽ ፊደላት፣ «ጄ. ፔድሊ»።

ቀይ አፍንጫው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ኦክዴን በማኅበሩ ወረቀት ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ሁለት ሰው አስመሰከረ። ጠመንጃውን መልሶ ገጠመው። ከዚያ በመኪናው ሆስፒታል አደረሰኝ። «ይግቡና ራስዎ ይንገሩት» አልኩት በሩ ላይ። መሪውን እንደያዘ፣ «ዛሬ አንቺ ንገሪው። እኔ ጠመንጃውን ልጠብቅ» አለ። ፈራ። እኔም ክብሩን ለብቻዬ ስላገኘሁት ደስ አለኝ።

አባቴ ከስድስቱ አልጋዎች በመስኮቱ በኩል ያለው ላይ ነበር። የኦክስጅኑ ጭንብል ጉንጩ ላይ መስመር አውጥቷል። ፑዲንጉን አስሸተትኩት፤ ፈገግ አለ። «ሂልዳ» አለ። አዎ ሂልዳ፣ ብዬ ወንበሩን ሳብኩና ነገርኩት፤ አዳራሹን፣ ነጋዴውን፣ የተሰበሰበውን ሰው፣ ባርኔጣውን። ከመቸኮሌ የተነሣ ሁለት ጊዜ ወደኋላ ተመለስኩ። ጭንብሉን ወደ ታች አወረደ።

«ማን ፈታው?»

«ኦክዴን።»

«በምን ካቻቢቴ?»

«ሞርዶ፣ ለክቶ። ጠርዙ አልተነካም አባዬ፣ እኔ ቆሜ አይቻለሁ።»

ጣሪያውን አየ። የጎረቤቱ አልጋ ጎብኚዎች ስለ እግር ኳስ ይከራከራሉ። «ስሙ አለ?» አለ።

«ጄ. ፔድሊ። አያቴ እንዳለው፣ በቦዩ ውስጥ።»

ዓይኖቹ ውኃ አቀረሩ። እንግዲህ ይህ ነበር አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት። እጁን ያዝኩት፤ ያ ለውዝ የሚሰብር እጅ እንደ ባዶ ጓንት ሆኗል። ወረቀቱን አውጥቼ ላነብለት ስጀምር በጣቱ አስቆመኝ።

«ሂልዳ ታውቃለች?»

«ገና። ማታ ግን ወረቀቱን ገበታዋ ላይ አስቀምጥላታለሁ። እንዴት እንደምትውጠው አያለሁ።»

«አትንገሪያት።»

«አባዬ!»

«ተያት። ምንም አትበያት።» ትንፋሹ አጠረው፤ ጭንብሉን መለስኩለት። በጭንብሉ ውስጥ ሌላ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። እንዲደግመው አልጠየቅኩም፤ የተረዳሁት መስሎኝ ነበር። እንዲህ ነው አባቴ፣ አሸንፎ እንኳ የማይረግጥ፣ አልኩ በልቤ። ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። የጉብኝቱ ማብቂያ ሲደወል ዞሬ አየሁት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ወደ ቤት በቀጥታ መሄድ እችል ነበር። ወይም ነርሷን ለምኜ ትንሽ መቆየት። ኦክዴን ግን «ሻይ ልጋብዝሽ» አለኝ፤ እኔም ገባሁ። በአንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ የተጠበሰ ዳቦ በባቄላ ፊቴ ቀርቦ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቅርታ ስጠጣ ቆየሁ። ሐሙስ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ እናገራለሁ አለኝ። ስሙን በመዝገቡ ላይ በቀይ ቀለም እንመልሰዋለን አለኝ። አንቺን የመሰለ ሰው በማኅበሩ አይቼ አላውቅም፣ ሴት ባንቀበልም ሊታሰብበት ይገባል አለኝ። እኔም «ይታሰብበት» እያልኩ ባቄላውን በላሁ። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ። በሕይወቴ እንዲህ የጣመኝ ሻይ አልነበረም፣ ይህንንም አልክድም።

መንገዳችን ጥግ ላይ አወረደኝ። የሳሎኑ መብራት በርቷል፤ አክስቴ ለአንድ ሰው መብራት የምታበራ ሴት አይደለችም። ስገባ ከጠረጴዛው ጋር ተቀምጣለች፣ ካፖርቷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ለሻይ የቀረበ ነገር የለም። በመጋረጃው የተጠቀለለውን ጠመንጃ ይዤ ቆምኩ።

«ሚስስ ጉዲንግ ቤት ከሆስፒታል ደውለው ነበር» አለች። «አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ እየደከመ ነው ብለው። ልሄድ ተነሣሁ፣ ግን አንቺ እዚያ ያለሽ መስሎኝ፤ አብራው ናት ብዬ ተቀመጥኩ።» ድምፅዋ ጋዝ አንባቢውን ስታናግር የነበረው ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ የላትም። «ወዲያው እንደገና ደወሉ። ሞተ ልጄ።»

አሥር ሰዓት ተኩል። ሁለተኛውን ሻይ ያዘዝኩበት ሰዓት። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አላለቀስንም፤ እኛ ቤት ማንም ለመጀመሪያ ጊዜ አያለቅስም፣ ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። የጋዙ ምድጃ ፍስስ ይላል። አክስቴ ቦርሳዋን ትከፍትና ትዘጋለች። በዓይኔ የፑዲንጉን ወረቀት ፈለግኩ፤ ሆስፒታል ትቼዋለሁ። ሐዘኑ ግን ሐዘን ሆኖ አልወጣም። መንገድ ላይ ቁጣ ሆነ። አትንገሪያት ያለኝን አልረሳሁም፤ አሁን እሱ የለም አልኩ፣ ከእንግዲህ ስሙን የምጠብቅለት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ ዘረጋሁት። «አንብቢው። ከመቀበሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው እየዞርሽ ትናገሪያለሽ። ለጋዝ አንባቢውም ጭምር።»

መነጽሯን አደረገች። ቀስ ብላ ነው የምታነበው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ገለበጠች፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። «እውነተኛ ነው» አለች።

«እውነተኛ ነው። ያንቺ አፍ ነው ሐሰቱ።»

«ሁልጊዜም እውነተኛ ነበር?»

«ከ1855 ጀምሮ! ከኛ ቤት ከገባ ጀምሮ! አንዲት ብሎን ሳትነካ! አሥራ አንድ ዓመት በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሾርባው ላይ፣ አዋረድሽው፤ እሱ አንድ ቀን አልመለሰልሽም!»

«አልመለሰልኝም» አለች። «ለምን ይመልስልኛል?» መነጽሯን አወለቀችና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። ግድግዳውን አየች፣ አራቱ የተሰቀሉበትን፣ የአምስተኛውንም ነጣ ያለ ቦታ። «እኔ ጠመንጃ አላውቅም ሎርና። በምን ዓይኔ ነው ሐሰት የምለው? አባታችን ለሁለታችን ነው የተወው፤ ግማሹ የኔ ነበር። ይህን ነግሮሽ ያውቃል?»

አላወቅኩም።

«ሌን ከሥራ ተቀንሶ ነበር። የሚሸጥ የጥብስ ዓሣ ሱቅ አገኘን፣ ከላይ ሁለት ክፍል ያለው። ሽማግሌው ባለቤት እስከ ሰኞ እጠብቃችኋለሁ አለን። ጠመንጃውን እንሽጠው ብለን መጣን። ሆራስ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ነበር የተቀመጠው። ‹ሂልዳ፣ አባታችንን አታለውት ነው፤ ሐሰት ነው፣ ቅጂ ነው› አለኝ። አዘንኩለት። ሌንም አዘነለት፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ለምን ታወሪያለሽ?» አልኩ።

«ሰው ሁሉ ይጠይቀኝ ነበራ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሎ ሌን ለምን ባሕር ሄደ? ሲሞትም ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? እሱ ያለኝን አልኳቸው፤ ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም።» ቦርሳዋን ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። «ሆራስ የነገረን እሑድ ነው። ሌን ሰኞ ጠዋት ሄዶ ለባሕሩ ሥራ ፈረመ።»